አክስቷ ነኝ ያለች እናት

የዝናሽ የምትባለው ልብስ ሰፊ እህት ኖሯት አያውቅም። ከወሎ መጥተው አሶሳ አጠገብ ካሉት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ጎጆ የቀለሱት እናትና አባቷ ከእሷ ሌላ ልጅ አልወለዱም። ታዲያ ወይዘሮ አገኘሁሽ በስፌት ሱቋ በር ላይ ቆመው፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠችውን ፊቷ ያባበጠ ሕፃን እያዩ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ «የእህቷ ልጅ ናት» የሚል መልስ ከጎናቸው ተሰማ። መላሹ አንዷለም ነበር፤ የወይዘሮ አገኘሁሽ ልጅ፣ የዝናሽ የምትወደው ሰው። የዝናሽ መቀሷን አስቀምጣ ልትናገር አፏን ከፈተች። አንዷለምን አየችው። ዓይኑ «እባክሽ» አላት። መቀሷን መልሳ አነሳች።

ሕፃኗ ፍሬሕይወት ትባላለች። ስድስት ዓመቷ ነው። የዝናሽ ራሷ አምጣ የወለደቻት ልጇ ናት።

አባቷ በመንገድ ሥራ ካምፕ የነበረ ሾፌር ነው። ካምፑ ሲነሳ አብሮ ተነሳ፤ ልጁ መወለዷንም አላየም። የዝናሽ ያኔ አንገቷን ደፍታ ከአምባው ወደ ከተማ ገባች። መጀመሪያ በሰው፣ በኋላም በራሷ የስፌት መኪና እየሠራች ልጇን አሳደገች። አንዷለም የሱሪ እግር ሊያሳጥር የመጣው ይህን ጊዜ ነው። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ሦስተኛውን ሱሪ ስትለካው ምንም ማሳጠር የማያሻው ሆኖ አገኘችው፤ ቀና ብላ ስታየው እስከ ጆሮው ቀልቷል። ከዚያች ቀን ወዲያ ሁለቱም ሰበብ መፈለግ ተዉ።

ፍሬሕይወትንም ይወዳት ነበር። አምና ፊቷና እግሯ አብጦ፣ ኩላሊቷ ታሟል ሲባል፣ አቅፎ ከሐኪም ሐኪም ያዞራት እሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን ታዘዘላት። የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ ክኒኑ በተራው ጉንጯን ሞላው። ሐኪሙ የዝናሽን አስቀምጦ፣ መድኃኒቱ የልጅቱን የመከላከል አቅም እንደሚያዳክም፣ በድንገት መቋረጥ እንደሌለበት፣ ኩፍኝ ወይም ጉድፍ ከያዘው ልጅ ጋር ከዋለች ደግሞ ሳይውል ሳያድር እንድታመጣት አስጠንቅቋት ነበር።

የአንዷለም እናት ነገር ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ አገኘሁሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ትልቁን የሲሚንቶና የቆርቆሮ መደብር ብቻቸውን የሚያንቀሳቅሱ፣ በከተማው የተከበሩ ሴት ናቸው። የሰፋሪ ገበሬ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ለልጃቸው መመረጧን በግድ ነው የዋጡት። በዚህ ላይ ሳታገባ የወለደች መሆኗን፣ ልጇም በሽተኛ መሆኗን ቢሰሙ «የቤቱ ዘር በሽታ አለበት» ብለው ጋብቻውን እንደሚከለክሉ አንዷለም እርግጠኛ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ልጅቱን ሲለምዷት ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ አላት። የዝናሽ አልተዋጠላትም። ግን አንዷለምን ትወደው ነበር፤ እሱን ማጣት ፈራች። ያን ምሽት ፍሬሕይወትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንግዳ ሲኖር «እማዬ» ሳይሆን «አክስቴ» በይኝ ብላ አስተማረቻት። ልጅቱ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። የዝናሽ መሳቅ አቃታት።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ቤቷን በዓይናቸው ሊያዩ ፈለጉ። በቀጠሮው ቀን የዝናሽ፣ ልጅቱ «እማዬ» ብላ እንዳታጋልጣት ፈርታ፣ ልጇን አጣጥባ፣ የልጅ ልብስና ጫማ የሚባለውን ሁሉ ከዓይን አርቃ፣ ጎረቤቷ ኢቲዳል ዘንድ አዋለቻት። ኢቲዳል የሆሞሻ ልጅ፣ የበርታ ተወላጅ፣ ገበያ ላይ ማንጎ የምትቸረችር ደግ ሴት ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት። የዝናሽ እንግዳ ይመጣብኛል ከማለት በቀር ምንም አልነገረቻትም። ልጇ ክኒን እንደምትወስድም ለማንም ተናግራ አታውቅም። የኢቲዳል ትንሹ ልጅ የዚያን ቀን አንገቱ ላይ ትንኝ የነከሰው የሚመስል ነገር ነበረው።

እንግዳዋ ቤቱን ወደዱት። ንጽሕናውን፣ በእጇ የጠለፈችውን የአልጋ ልብስ፣ አነጋገሯን ወደዱላት። ሲነሱም መረቋት። አንዷለም ከእናቱ ትከሻ ጀርባ ሆኖ በደስታ አያት። የዝናሽ ግን ጆሮዋ ከአጥሩ ማዶ ነበር። ፍሬሕይወት ከልጆቹ ጋር ስትስቅ ይሰማታል። በሕይወቷ ትልቁ ምርቃት እየወረደባት፣ እሷ የልጇ ሳቅ ከፍ ብሎ እንዳይሰማ ትጸልይ ነበር። ይህን ስታውቅ ጉንጯ ነደደ።

ኢቲዳል በማግሥቱ ልጆቿን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ሆሞሻ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በላይ አለፈ። ፍሬሕይወት አንድ ቀን ሆዴን አመመኝ አለች፤ ተኮሰች፤ ሆዷ ላይም ውሃ የቋጠሩ ጥቂት ሽፍታዎች ወጡ። የዝናሽ የሐኪሙ ቃል ትዝ አላትና በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት አጣደፈቻት።

ተመላላሽ ክፍሉ በር ላይ፣ ወገቧን ይዛ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት ስሟን ጠራቻት። የአንዷለም አክስት ናት። «የእህትሽ ልጅ ምን ሆነች?» ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፤ የልጅቱ ተራ ሲደርስም የየዝናሽን ቦርሳ ተቀብላ፣ ልርዳሽ ብላ አብራት ገባች። መርማሪው የጤና ባለሙያ ሽፍታውን አይቶ ጉድፍ ነው አለ። ከዚያም አንቺ ምኗ ነሽ ብሎ ጠየቃት።

«አክስቷ ነኝ» አለች የዝናሽ።

ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ሲላት የአንዷለም አክስት ዓይን ፊቷ ላይ ነበር። እሱን የምታውቀው እናቷ ናት አለችው። ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየቻት። መርማሪው ጉድፍ አብዛኛውን ልጅ በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ ነግሮ፣ የማሳከክ ማስታገሻ ቅባትና የትኩሳት ሽሮፕ ሰጥቶ አሰናበታቸው።

የዝናሽ ነገ በጠዋት ብቻዬን ተመልሼ እውነቱን እናገራለሁ ብላ ለራሷ ማለች። ባጃጁ ውስጥ ልጅቱ ደረቷ ላይ ተደግፋ ነበር። ባለባጃጁ በመስታወት አያቸው። ፍሬሕይወት እንግዳ መኖሩን አስተውላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ውሃ ጠማኝ፣ አክስቴ» አለቻት።

የዝናሽ ልጇን አጥብቃ አቀፈቻት፤ ፊቷን ግን ከልጇ ፊት ማዶ አዞረች።

ሲነጋ ልጅቱ ሌላ ሰው ሆናለች። ሽፍታው ፊቷን፣ አፏን፣ የዓይኗን ቆብ ወርሶታል፤ አንዳንዱ ውሃ ሳይሆን ደም ቋጥሯል። ትንፋሿ ይቆራረጣል። የዝናሽ አቅፋት ስትወጣ በር ላይ ከሆሞሻ የተመለሰችው ኢቲዳል አገኘቻት። ኢቲዳል ልጅቱን እንዳየች ደነገጠች። ልጆቿ ሦስቱም ሆሞሻ እንደገቡ ጉድፍ ወጥቶባቸው፣ አሁን ድነው እየተጫወቱ ነው። የዝናሽ ስለ ክኒኑ እያለቀሰች ነገረቻት።

«ወላሂ፣ የዝናሽ፣ ልጁ መድኃኒት የሚበላ መሆኑ እኔ አላወቀም» አለች ኢቲዳል እጇን ራሷ ላይ ጭና። «ብትነግረኝ ኖሮ እኔ ቤት አላስገባም ነበር። ለምን አልነገረኝም?»

ኢቲዳል መልሱን አልጠበቀችም፤ ባጃጅ ልታስቆም ሮጠች።

በዚህኛው ቀን የተቀበላቸው ዶክተር እዩኤል የሚባል ወጣት የሕፃናት ሐኪም ነው። የዝናሽ ሳይጠይቃት እናቷ እኔ ነኝ አለችው። ስለ ኩላሊቷ፣ ስለ ክኒኑ፣ ትናንት ስለዋሸችው ውሸት፣ ሁሉንም ተናገረች። እንዲሰድባት፣ እንዲጮህባት ፈለገች። እሱ አልሰደባትም። እያዳመጠ ልጅቱ አፍንጫ ላይ ኦክስጅን ያደርግ ነበር። ጤነኛ ልጅ ላይ ቆዳ ላይ የሚቀር በሽታ፣ መከላከያዋ በደከመ ልጅ ላይ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ፣ አሁን ሳንባዋ ውስጥ መግባቱን አስረዳት። ክኒኗን በአንድ ጊዜ እንደማያቋርጥ፣ መጠኑን ግን እንደሚያስተካክል ነገራት። የቫይረሱ መድኃኒት አሳይክሎቪር ይባላል፤ ለእንዲህ ያለ ሕመም በደም ሥር መሰጠት አለበት። በእጃቸው ያለው ግን የሚዋጠው ብቻ ነው፤ የመርፌው በከተማው አልቋል። ወደ አዲስ አበባ እንዳይልካት፣ ኦክስጅኑ ከተነቀለ መንገድ ላይ ትቀራለች። መርፌው ዛሬውኑ ቢመጣ መልካም ነው አለ። ባይመጣ ስለሚሆነው ነገር ግን አልተናገረም።

ፍሬሕይወት በሽታው ወደ ሌሎች ሕሙማን እንዳይተላለፍ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። የዝናሽ በልጅነቷ ጉድፍ ስለወጣባት መግባት ተፈቀደላት። አንዷለም እየሮጠ ሲደርስ እሱም ጉድፍ ወጥቶብህ ያውቃል ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ ወጥቶበት አያውቅም፤ በር ላይ መለሱት። ዞሮ በግቢው በኩል መስኮቱ ላይ ቆመ። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ልጅቱን አየ። ከዚያ የዝናሽን አየ። ያቺ ከእናቱ ጀርባ ሆኖ በደስታ ያያት ዓይን ዛሬ መሬት መሬት ትል ነበር።

መድኃኒቱን ዛሬ ሊያመጣ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ወይዘሮ አገኘሁሽ ዕቃ ሊገዙ አዲስ አበባ ሄደው በከሰዓቱ አውሮፕላን ይመለሳሉ። አንዷለም የሐኪሙን ማዘዣ ፎቶ አንስቶ ላከላቸው፤ ደውሎም የየዝናሽ የእህት ልጅ ታማለች፣ ከፋርማሲ ይዘሽ ነይ አላቸው። ድምፁ በስልኩ ማጉያ እስከ ውስጥ ይሰማል። ወይዘሮ አገኘሁሽ አልጨከኑም፤ ግን መርካቶ ውስጥ ዕቃ እያስጫኑ ነበር፤ ፋርማሲ ፍለጋ ከዞሩ አውሮፕላኑ ያመልጣቸዋል። ነገ በሚመጣ ሰው እልካለሁ አሉ። ቀጥለውም የልጅቱ እናት የት ሄዳ ነው አክስትየዋ የምትንከራተተው ብለው ጠየቁ።

አንዷለም ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም። የዝናሽ በመስኮቱ ብረት መሐል እጇን አሾልካ ስልኩን ከእጁ ወሰደች።

«እትዬ አገኘሁሽ፣ የዝናሽ ነኝ። እህት የለኝም። ፍሬሕይወት የኔ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ የወለድኳት።»

ከወዲያ ማዶ የገበያው ጫጫታ ብቻ ተሰማ።

«ዋሽቼዎታለሁ። ቤቴን ሊያዩ የመጡ ቀን እንዳያዩዋት ደብቄያት ነው በሽታው የያዛት። የኔን ነገር እንዳሻዎ ያድርጉት። መድኃኒቱን ግን ዛሬ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ልጄ መተንፈስ አቅቷታል።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሳቸው ማንም አላወቀም። አንዷለም መልሶ ደወለ፤ አይነሳም። ያን ጊዜ ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም ብሎ መልእክት ጻፈላቸው። ለወራት ሊናገረው ያልደፈረው ነገር ሲጻፍ አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

የዝናሽ ወደ አልጋው ስትዞር ፍሬሕይወት ዓይኗን ገልጣ ታያት ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«ሴትዮዋ ተቆጡ?» አለቻት በኦክስጅኑ ሥር።

«አላውቅም። ቢቆጡም እኔ እናትሽ ነኝ።»

«ሰው ቢኖርም?»

«ማንም ሰው ቢኖር።»

ልጅቱ ይህን የምታምን አትመስልም ነበር። ቆማ የምትሰማቸውን ነርስ አየት አደረገችና መልሳ ዓይኗን ጨፈነች። የዝናሽ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሽፍታ ያልነካውን የልጇን መዳፍ ጠርዝ ፈልጋ ሳመች። ከንፈሯን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

አንዷለም አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን መንገደኛ ሁሉ አየ። እናቱ ከመጨረሻዎቹ መካከል ወጡ። ሻንጣ የለም፤ ካርቶን የለም። የገዙትን ዕቃ መርካቶ ላይ ጥለው ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረው፣ እየሮጡ ነው አውሮፕላኑ ላይ የደረሱት። ሰላም አላሉትም። ከእጅ ቦርሳቸው መድኃኒቱን አውጥተው መዳፉ ላይ አኖሩና መኪናው ውስጥ ገቡ።

ሐኪም ቤቱ ሲታይ «ያን ቀን ሱቁ በር ላይ የማን ናት ብዬ ስጠይቅ» አሉት፣ «አንተም የእህቷ ልጅ ናት ስትል፣ ልጅቱ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

ወይዘሮ አገኘሁሽ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ያን ቀን ያችን ያበጠች ሕፃን አይተው የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ እንዳደረጉ እሳቸው ያውቃሉ፤ ሕፃኗም አይታቸዋለች። ልጃቸው እንዲዋሽ ያደረገው ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አፋቸው አልደፈረም፤ መልሱ ከራሳቸው ደጅ ነበርና።

መድኃኒቱ በግሉኮስ ውስጥ እየተንጠባጠበ ይገባ ጀመር። ዶክተር እዩኤል ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ፈሳሽ አብዝቶ፣ ሽንቷን እያስለካ፣ ደሟን እያስመረመረ ተከታተላት። መጀመሪያ ለውጥ አልነበረም። ከዚያ አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ቆመ። ትኩሳቱ በረደ። ቀስ በቀስ ኦክስጅኑን ቀነሱት፤ አንድ ጠዋት ፍሬሕይወት ሾርባ ጠየቀች፤ ኢቲዳል በፔርሙስ ሞልታ አመጣች።

ወይዘሮ አገኘሁሽ በልጅነታቸው ጉድፍ ወጥቶባቸው ስለነበር መግባት ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ቀናት አልፈው ነው የመጡት። የዝናሽ ስታያቸው ተነስታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ለልጅቱ ሾርባውን በማንኪያ አጠጧት። ፍሬሕይወት አንዴ ማንኪያውን፣ አንዴ እናቷን እያየች ጠጣች። ሲጨርሱ የዝናሽን አሏት፦ «ስለ ሠርጉ አሁን አትጠይቂኝ፤ ገና አልበረደልኝም። ልጅሽ ሲሻላት ግን ቤቴ ይዘሻት ነይ። በፊት ለፊቱ በር።»

የዝናሽ፣ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። ደግነታቸውን ግን አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

ሽፍታው ሁሉ ደርቆ ቅርፊት ሲሆን ዶክተሩ በሽታው ከእንግዲህ አይተላለፍም ብሎ በሩን ከፈተ። አንዷለም ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። እነዚያን ቀናት ሁሉ በመስኮት ሲተያዩ የሰነበቱ ሁለት ሰዎች፣ በመካከላቸው ምንም ሳይኖር መተያየት ተሳናቸው። ይቅር በይኝ አላት በቀስታ። የዝናሽ፣ እኛ ይቅርታ የምንጠይቀው እርስ በርሳችን አይደለም አለችው።

ገባው። አልጋው ሥር በርከክ አለና ዓይኑን ከልጅቱ ዓይን ጋር አስተካከለ።

«ፍሬ፣ እናትሽን አክስቴ እንድትያት ያደረግሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ያንቺም የእናትሽም አይደለም።»

ልጅቱ አሰበች። «ታፍርብኝ ነበር?» አለችው።

ውሸት እንዲህ ከመረራት በኋላ፣ የዝናሽ አንዷለም አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ቢዋሽ ብላ ተመኘች።

«አዎ» አለ አንዷለም። «ፈሪ ስለነበርኩ ነው። ባንቺ የሚያሳፍር ነገር ኖሮ አይደለም።»

ፍሬሕይወት ክንዷን ገልበጥ አድርጋ ቅርፊቶቹን አየች። «አሁን ደግሞ ነቁጥ በነቁጥ ሆኛለሁ» አለችው፤ በቁጣ አልነበረም፤ ኋላ አላወቅሁም እንዳይል የምታሳውቀው ይመስል ነበር። «አንዳንዱ አይጠፋም ብሎኛል ዶክተሩ።»

አንዷለም ሊመልስላት ሞከረና አልቻለም። ግንባሩን የአልጋው ብረት ላይ ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ልጅቱ ትንሽ አየችው። ከዚያ እግሯን ሰብሰብ አድርጋ፣ በአልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሰው የሚበቃው ቦታ ለቀቀችለትና «ና ተቀመጥ» አለችው።

የዝናሽ ያችን ክፍት ቦታ አየቻት። ለእንግዳ ብላ ልጇን ከገዛ ቤቷ ያስወጣችው እሷ ነበረች። አንዷለም ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ዓይኑ ከዓይኗ ተገናኘ፤ ሁለቱም በሐፍረት ቀልተው ነበር፤ ግን በዚህ ጊዜ ማንኛቸውም ፊታቸውን አላዞሩም።